አባባ ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጡ፤ ወንድሜ ደግሞ «ፔት ስካን ካልተነሱ» ይላል

የሰፊው ልጅ · ደሴ፣ አራዳ · ሰኞ ከምሽቱ 2፡40

አሰላሙ ዓለይኩም፣ እንደምን አመሻችሁ። ነገሩ ረዘም ይላል፤ ቡናው እስኪፈላ አንብቡልኝ።

አባባ 71 ዓመታቸው ነው። 40 ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፊ ናቸው። የደሴ ሙሽራ ግማሹ በእሳቸው ኮት ነው ያገባው ብል ትንሽ ነው ያጋነንኩት። ሜትሩ አንገታቸው ላይ ካልተንጠለጠለ ራቁታቸውን የቆሙ ይመስላቸዋል። ባለፈው ረመዳን ለአንድ ደንበኛ ኮት ሲቆርጡ ሁለት የግራ እጅጌ ቆረጡ። ሳቅን። እሳቸውም ሳቁ። ከወር በኋላ ሌላ ጨርቅ ላይ ደገሙት። ያን ጊዜ ማንም አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ ዙህርን ሰግደው ጨርሰው መልሰው ውዱእ ያደርጋሉ። የልጅ ልጃቸውን በሟች አጎቴ ስም ይጠራሉ። አንድ ቀን ከመስጊድ ሲመለሱ ቤታቸውን አልፈው ሸዋ በር ድረስ ሄዱ። አንድ የባጃጅ ልጅ አውቋቸው መለሳቸው። አላህ ይስጠው፣ ሂሳብም አልተቀበለ።

ጎረቤቱ «ጃጅተው ነው» ይላል። ውጭ ያለው ወንድሜ ደግሞ «አልዛይመር የሚባለው የመርሳት በሽታ ሳይሆን አይቀርም። ሌላ ነገር አትነካኩ። ፔት ስካን የሚባል አለ፣ አንጎልን ከነቀለሙ ያሳያል። ህንድ ይሂዱ፣ እኔ እከፍላለሁ» ይላል። ኢንተርኔት ላይ ያገኘውን የማስታወስ ፈተናም በስልክ ፈተናቸው። «ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?» ሲላቸው በኛ አቆጣጠር ነገሩት። «ስህተት» ብሎ ዜሮ ሰጣቸው። አባባ ስልኩን መለሱልኝና «ይሄ ልጅ ደህና ነው እንዴ?» አሉኝ።

ሲቲ፣ ኤምአርአይ፣ ፔት እየተባለ ግራ ገብቶኛል። የቱ ነው የሚሻለው? ያለፈበት ሰው ካለ ይንገረኝ።

የገራዶ ሰው · ሰኞ 3፡05

አብሽሪ እህቴ። ግን ሽማግሌ መርሳቱ መቼ ነው ወሬ የሆነው? አያቴ ሲሞቱ 90 አልፏቸው ነበር። መጨረሻ ላይ እኔንም በሬውንም በአንድ ስም ነበር የሚጠሩን። ማንም አንጎላቸውን ፎቶ አላነሳም። ዱዓ አድርጉላቸው፣ ደህና ማር አብሏቸው፣ ብራችሁን አትበትኑ።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ · ሰኞ 3፡30

የገራዶ ሰው፣ አልስማማም። 90 ሌላ፣ 71 ሌላ። ቁልፍ የት እንዳስቀመጡ መርሳት እድሜ ነው እንበል። 40 ዓመት የቆረጡትን እጅጌ መሳት፣ የቤታቸውን መንገድ መሳት ግን እድሜ ብቻ አይደለም። «ጃጀ» የምትለዋ ቃል ስንቱን ከሐኪም አስቀርታለች።

የሰፊው ልጅ፣ እኔ ነርስ ነኝ፤ እሳቸውን ሳላይ በሽታ አልሰይምም። ማሽን ከመምረጥሽ በፊት ግን እነዚህን መልሽልኝ። የሚወስዱት መድኃኒት ምን ምን ነው? የእንቅልፉም፣ የጉንፋኑም፣ ከጎረቤት የተዋሱትም ይቆጠራል። በቅርብ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል? እግራቸው መሬት ላይ እንደተጣበቀ እየጎተቱ ነው የሚሄዱት? ሽንት ያመልጣቸዋል? ጆሯቸውስ? ተክዘዋል፣ ሰው ሸሽተዋል?

የምጠይቀው ወድጄ አይደለም። የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ እጢ መድከም፣ ድብርት፣ አንዳንድ ክኒን፣ አንጎል ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ፣ ሁሉም የመርሳት በሽታ መስለው ይመጣሉ። ብዙዎቹ ይታከማሉ። አብዛኛውን የሚያገኘው የደም ምርመራና ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ሐኪም ነው።

የወንድምሽ ፈተና ግን አሳቀኝ። ከነዚህ ፈተናዎች በአንዱ «ሰዓት ሳልና አስራ አንድ ከአስር አድርገው» የሚል አለ። ፈረንጅ አጭሯን ዘንግ 11 ላይ ያደርጋታል። የኛ ሰው አስራ አንድ ሰዓት ሲባል አጭሯ 5 ላይ ናት። ልክ የሳለው ወድቆ ይመለሳል ማለት ነው። ሁለተኛ እንዳይፈትናቸው ንገሪው።

የሰፊው ልጅ · ሰኞ 3፡52

እህቴ፣ ስኳር አለባቸው። ሜትፎርሚን መውሰድ ከጀመሩ 11 ዓመት አልፏቸዋል። የግፊት ክኒን አላቸው፤ «ራሴን ሲያመኝ» ብለው ነው የሚውጡት። ለእንቅልፍ አንዲት ቢጫ ክኒን አለች፣ ስሟን አላውቅም። ከፋርማሲ ራሳቸው ናቸው የሚገዟት። አልወደቁም። አካሄዳቸው ደህና ነው። ጆሯቸው ከበድ ብሏል። ቴሌቪዥኑን ጎረቤትም ይሰማዋል።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ · ሰኞ 4፡01

ሜትፎርሚን ለረጅም ዓመት ሲወሰድ ቢ12ን ያወርዳል፣ በደንብ የታወቀ ነገር ነው። ቢጫዋን ክኒን ከነፓኮዋ ይዘሻት ሂጂ። የግፊቱ ነገር በጣም አልጣመኝም። የአንጎል ትናንሽ ደም ስሮችን ቀስ እያለ የሚደፍነው እሱ ነው።

ራጅ ቤት · ኮምቦልቻ · ማክሰኞ ከጠዋቱ 1፡15

የምሠራው ምስል ክፍል ነው፤ የማሽኑን ጉዳይ ለኔ ተዉት። ረዘም ላድርገው፣ አዳር ወጥቼ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል።

ከጦሳ ተራራ ላይ ሆናችሁ ደሴን እንደምታዩ አስቡት። ሲቲ ቀን ላይ በሩቁ እንደማየት ነው። የፈረሰ ቤት፣ ጎርፍ የገባበት ሰፈር ይታያል። አንጎል ላይ ስናመጣው ደም፣ ውሃ፣ ዕጢ፣ ያለፈ ትልቅ ስትሮክ ማለት ነው። የሚሠራው በራጅ ጨረር ነው፣ በደቂቃዎች ያልቃል፣ ዋጋውም ከሌሎቹ ይቀላል።

ኤምአርአይ ደግሞ ሰፈር ውስጥ ገብቶ የግድግዳውን ስንጥቅ መቁጠር ነው። ጨረር የለውም፣ ማግኔት ነው። 1.5 ቴስላ የሚባለው ማሽን የመሬት ማግኔት 30,000 እጥፍ ገደማ ጉልበት አለው። ሂፖካምፐስ የሚባል በሁለቱም ጆሮ በኩል ወደ ውስጥ የተኛ ትንሽ ክፍል አለ፣ አዲስ ነገር የሚመዘገበው እዚያ ነው። አልዛይመር ቀድሞ ከሚያሟሽሻቸው አንዱ እሱ ነው። መሟሸሹን ኤምአርአይ ያሳያል። ግፊት የደፈናቸው ትናንሽ ደም ስሮች ያስቀሩት ጠባሳም ነጭ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ፔት ማታ ነው። የቱ ሰፈር መብራት አለው፣ የቱ ጨልሟል ነው ጥያቄው። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ቢሆን ነው፣ ጉልበቱን ግን 20 በመቶ ያህል ይበላል። ምግቡ ስኳር ነው። ቀላል ጨረር የተለጠፈበት ስኳር በደም ስር ይሰጥና አንጎል የት የት እንደበላው ይነበባል። አልዛይመር ላይ ከጆሮ በላይና ወደ ኋላ ያለው ሰፈር ቀድሞ ይደበዝዛል። ሌላ ዓይነት የመርሳት በሽታ ከሆነ ግንባር በኩል ያለው ይጨልማል።

ወንድምሽ የሚለው ግን ሌላኛው ፔት ይመስለኛል፣ የአሚሎይዱ። አሚሎይድ አንጎል ውስጥ የሚከማች የፕሮቲን ዝቃጭ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ያየው አንዲት ታካሚው ከሞተች በኋላ፣ አንጎሏን በማይክሮስኮፕ ሲመረምር ነው። ከዚያ ወዲያ ለመቶ ዓመት ገደማ ይሄን ዝቃጭ በሕይወት ያለ ሰው ላይ ማየት አልተቻለም። እርግጠኛ ለመሆን ሰውየው መሞት ነበረበት። እ.ኤ.አ. በ2004 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከስዊድን ሐኪሞች ጋር ሆነው ዝቃጩ ላይ ተጣብቆ በፔት የሚታይ ንጥረ ነገር በሰው ላይ የሞከሩበትን ጥናት አወጡ። በአሜሪካ ለሐኪም አገልግሎት የመጀመሪያው የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ትልቅ ነገር ነው፣ አላጣጥለውም።

ግን አንድ ነገር ያዙልኝ። ዝቃጩ የበሽታው ምልክት ከመታየቱ ከ15 እስከ 20 ዓመት ቀድሞ መከማቸት ይጀምራል። በ70ዎቹ ካሉ ምንም ካልሆኑ ሰዎች እንኳ ከአራት ወይም ከአምስት አንዱ ዝቃጩ ይገኝበታል። ስለዚህ «አለ» የሚል ወረቀት ይዞ የሚመጣ ሰው ሁሉ በሽተኛ አይደለም። «የለም» ከተባለ ግን ጠቃሚ ነው፣ ሌላ ምክንያት ፈልጉ ማለት ነው።

ለኤምአርአይ ከተላካችሁ ደግሞ አደራ። አባትሽ ልብስ ሰፊ ናቸው ብለሻል። ስፒልና መርፌ!! ኮታቸውን፣ ኮሌታቸውን፣ የሸሚዛቸውን ጠርዝ አራግፊ። ማግኔቱ ይቅርታ አያውቅም።

ሻምበል · ማክሰኞ 2፡40

የማግኔቱ ነገር እውነት ነው። ከድሮው ጦርነት ጭኔ ውስጥ የቀረ ፍንጣሪ አለኝ። ከ30 ዓመት በላይ ስላለፈው ረስቼው ሳልናገር ኤምአርአይ ልገባ ነበር። የሚያነሳው ልጅ ሁለቴ ጠይቆኝ ነው የተረፍኩት። መጀመሪያ ራጅ አንስተው ቦታውን አይተው ነው የወሰኑት። በኛ 2014 ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የተጎዳ ወጣትም ብዙ ነው። ቀድማችሁ ተናገሩ።

ሐረጎ ጠመዝማዛ · ማክሰኞ 6፡20

እኔ በሲቲ የምምል ነኝ፤ እናቴን የመለሰልኝ እሱ ነው።

እማዬ 68 ነበረች። ድንገት መፍዘዝ ጀመረች። ወጥ ላይ ጨው ሦስቴ ትጨምራለች። ቀን ትተኛለች። በሁለት ወር ውስጥ እንደ ሕፃን ሆነች። ለአልዛይመር ይሄ ፍጥነት በዝቷል ብሎ የተጠራጠረ አንድ ወጣት ሐኪም ነው። «ወድቀው ያውቃሉ?» አለን። አይ አልን። እማዬ ራሷ ናት ያስታወሰችው። ከባጃጅ ስትወርድ ጭንቅላቷን ጣሪያው ብረት መትቷት ነበር። ከሁለት ወር በላይ አልፎታል። አልደማም፣ አላበጠም፣ ለማንም አልተናገረችም።

ሲቲው ላይ በራስ ቅሉና በአንጎሉ መሃል ደም ተኝቷል። ቀስ እያለ የተጠራቀመ። ሐኪሙ እንዳስረዳን ሰው ሲያረጅ አንጎሉ ትንሽ ይሟሽሻል፣ ደም ስሮቹ ይወጠራሉ፣ በትንሽ ምት ይበጠሳሉ። ራስ ቅሏን በስተው አፈሰሱላት። በአራተኛው ቀን «ሽንኩርቱ ስንት ገባ?» ብላ ጠየቀችን። አለቀስኩ፣ አልዋሽም።

ፔት ብለን አዲስ አበባና ህንድ ስንል ብንቆይ ኖሮ አላውቅም።

ቦርከና · ኮምቦልቻ · ማክሰኞ 8፡00

ክሩን ልጥለፈው፣ ይቅርታ። እናቴ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ቁጭ ስትል ነው የሚብሰው። ሲኒ ስትይዝ ግን ይቀንሳል። ፊቷም ስሜት የለው፣ ያኮረፈች ትመስላለች። ኤምአርአይ አነሳናት። «ጤነኛ ነው» ተባለ። ታዲያ በሽታ የለባትም ማለት ነው?

ራጅ ቤት · ማክሰኞ 8፡35

ቦርከና፣ አይደለም። ፓርኪንሰን የሚባለው፣ እጅ የሚያንቀጠቅጠው የአንጎል በሽታ ከሆነ ተራው ኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ ንጹህ ነው የሚወጣው። የሚሞቱት ሕዋሳት አንጎል ግንድ ላይ ባለች ጥቁር ቦታ ያሉ፣ ዶፓሚን የሚባለውን እንቅስቃሴን የሚያግዝ ኬሚካል የሚያመርቱ ጥቂት ሕዋሳት ናቸው። ኤምአርአይ የሚታዘዘው በአብዛኛው ሌላ ነገር እንዳይሆን ለማጣራት ነው። በ3 ቴስላ ማሽን እዚያች ቦታ ላይ እንደ ተሰነጠቀ የወፍ ጅራት የምትታይ ነጭ ነጥብ አለች፤ ፓርኪንሰን ላይ ትጠፋለች። ግን ሁሉም ማሽን፣ ሁሉም ዓይን አያያትም። ዶፓሚኑን ለይቶ የሚያሳይ ዳት ስካን የሚባልም አለ፤ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ያም ሆኖ በሽታውን የሚለየው የነርቭ ሐኪም ነው፤ እጇን አጣጥፎ፣ አስኪዶ፣ ጣቷን አስመትቶ። ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 በሽታውን የጻፈው ከታካሚዎቹ ሌላ መንገድ ላይ ሲሄዱ ያያቸውን ሰዎች ጨምሮ ነው። ማሽን የሚባል አልነበረም። እና እዚህ ላይ መድኃኒት አለ፣ ሌቮዶፓ ይባላል። እንቅስቃሴውን በደንብ ያቀልላል። «ጤነኛ ነው» የሚል ወረቀት ይዛችሁ ቤት አትቀመጡ።

ቦርከና · ማክሰኞ 8፡41

ወላሂ ወረቀቱን ይዘን ስድስት ወር ተቀምጠናል። አመሰግናለሁ።

ዝምታ · ማክሰኞ ከምሽቱ 1፡10

ይሄን ጽፌ አላውቅም። አጎቴ 54 ዓመቱ ነበር፣ ነጋዴ፣ ጨዋ ሰው። ድንገት ተለወጠ። ለቅሶ ቤት ይስቃል። የሰው ሚስት ይጎነትላል። ብድር ሳይጽፍ ያበድራል። ማስታወስ ላይ ግን ምንም የለበትም፣ የ20 ዓመት ሂሳብ ይነግርሃል። ቤተሰቡ ጠበል ወሰደው፣ ሼህ ጋርም ወሰደው፣ ጂኒ ተባለ፣ መተት ተባለ። ሚስቱ ጥላው ሄደች። ሰው እሷን ረገመ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ኤምአርአይ ተነሳ። ከግንባሩ ጀርባና ከጆሮው ፊት ለፊት ያለው አንጎሉ ተሟሽሿል። እኔም በዓይኔ አየሁት፣ ሐኪሙ አሳየኝ። የኋላው ሙሉ ነው፣ የፊቱ እንደ ደረቀ ብርቱካን። ባህርይና እፍረት የሚቀመጥበት ቦታ ነው አለኝ። በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት የለም። ማሽኑ አላዳነውም።

ግን ምስሉን ለሚስቱ ወሰድኩላት። ብዙ ሰዓት አየችው። «ስለዚህ እሱ አልነበረም ማለት ነው» አለች። አሁን በሳምንት ሁለት ቀን እየመጣች ታጥበዋለች።

የሰፊው ልጅ · ማክሰኞ 1፡25

አላህ ያግዛችሁ። ቃል የለኝም።

ያ ወንድም · ማክሰኞ ከሌሊቱ 6፡30

እኔ ነኝ ወንድምዬው። እህቴ ሊንኩን ልካልኝ ነው። ሰዓቱን ስለማሳሳል የተጻፈውን አንብቤያለሁ፣ አምኛለሁ፣ ይብቃኝ።

ግን አንድ ጥያቄ አለኝ። እዚህ የምኖርበት አገር አዲስ መድኃኒት ወጥቷል፣ ሌካነማብ ይባላል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2023 ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። የሚሰጠው ገና በሽታው ሲጀምር ላይ ነው፤ አሚሎይዱ መኖሩ ደግሞ በፔት ወይም ከጀርባ በሚቀዳ ፈሳሽ መረጋገጥ አለበት። እናንተ ስለ ጆሮና ስለ ቫይታሚን ስታወሩ ጊዜው ካለፈስ? ፈጥነን ብናየው ምን ይጎዳል?

ራጅ ቤት · ረቡዕ ከጠዋቱ 1፡40

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ያጣጣልኩህ እንዳይመስልህ። ፔት ዋጋ የሚኖረው መልሱ ቀጥሎ የምታደርጉትን የሚለውጥ ከሆነ ነው። ያ መድኃኒት ሲጀመር በየሁለት ሳምንቱ በደም ስር ይሰጣል። አንጎል ላይ እብጠትና የደም ነጠብጣብ ስለሚያስከትል በየጊዜው ኤምአርአይ ይደገማል። ገበያ ላይ ሲወጣ በዓመት 26,500 ዶላር ነበር ዋጋው። በ18 ወር ሙከራው ላይ የበሽታውን ግስጋሴ 27 በመቶ ያህል ነው ያዘገየው። ማዘግየት ነው፤ የሄደውን አይመልስም። አባታችሁ በየሁለት ሳምንቱ የት ይሄዳሉ? መጀመሪያ ይሄን መልስልኝ።

የጦሳ ኢንጂነር · ረቡዕ 3፡00

የሕክምና መሣሪያ ጥገና ላይ ነኝ። ፔቱ ለምን ደሴ አይመጣም ለምትሉ ሂሳቡን ልስራላችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ሂሳብ እወዳለሁ።

ለአሚሎይድ ፔት የመጀመሪያው ንጥረ ነገር ካርቦን 11 በሚባል ጨረር ሰጪ ነበር የተሠራው። በየ20 ደቂቃው ግማሹ ይጠፋል። ኮምቦልቻ ላይ አምርታችሁት፣ ሐረጎን ጠምዝዞ ደሴ እስኪደርስ 40 ደቂቃ ቢፈጅ ሩቡ ብቻ ነው የሚተርፈው። አይሱዙ ከፊታችሁ ከገባ ደግሞ እርሱት። በኋላ የመጡት በፍሎሪን 18 ናቸው፣ ግማሹ የሚጠፋው በ110 ደቂቃ ነው። ከአዲስ አበባ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው፣ 8 ሰዓት እንበል። ከ100 የሚደርሰው 5 ገደማ ነው። ይሄ በረዶ ውስጥ ቢያስቀምጡትም አይቆይም። ስለዚህ ፔት የሚፈልገው ካሜራውን ብቻ አይደለም፤ ንጥረ ነገሩን የሚያመርት ፋብሪካም አጠገቡ ይፈልጋል።

እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ ደም ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2025 የአሜሪካው የመድኃኒት ባለሥልጣን አሚሎይዱን በደም ናሙና ለመገመት የሚያግዝ የመጀመሪያውን ምርመራ ፈቅዷል። ምልክት ለታየባቸው ሰዎች ነው። ደም በቀዝቃዛ ሳጥን ይጓዛል፣ ሐረጎንም ያልፋል።

ሌላው፣ አሁን ኮምፒውተር ሂፖካምፐስን ለክቶ «ለእድሜው አንሷል፣ አላነሰም» የሚል ፕሮግራም አለ። ጥሩ ነው። ግን የሚያወዳድርበት ልኬት ከማን ተወሰደ? እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ትልቁ የአልዛይመር ምስል ጥናት ውስጥ ያሉት በአብዛኛው የተማሩ ነጭ አሜሪካውያን ናቸው። ኮት ሰፊው ይረዱኛል፤ በሌላ ሰው ልኬት የተቆረጠ ትከሻ ላይ ይይዛል።

ያ ወንድም · ረቡዕ 5፡15

ገባኝ። እሺ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚህ ሆኜ ማድረግ የምችለው መክፈል ብቻ ነው። የሚከፈልበት ነገር ስትከለክሉኝ እጄን ያሰራችሁኝ ያህል ተሰማኝ።

የሰፊው ልጅ · ረቡዕ 5፡20

በየቀኑ ደውልላቸው። ፈተና ሳይኖረው።

የገራዶ ሰው · ረቡዕ 5፡48

የማሩን ነገር ትቻለሁ፣ ስኳር እንዳለባቸው አላየሁም ነበር። አፉ በሉኝ።

የሰፊው ልጅ · ከአራት ሳምንት በኋላ፣ እሁድ ከቀኑ 9፡30

ውጤቱን ሳልነግራችሁ ጠፋሁ፣ አትቀየሙኝ። ብዙ ነገር ሆኗል።

መጀመሪያ እዚሁ ደሴ አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪም አየን። አርባ ደቂቃ አወራቸው፣ እኔን ደግሞ ለብቻዬ። ሰዓት አሳላቸው፣ በኛው አቆጣጠር። አንዷ ቁጥር ሁለቴ ገባች፣ ሌላው ደህና። ከ100 ላይ 7 እየቀነሱ እንዲቆጥሩ ሲጠይቃቸው ከእኔ ፈጠኑ፣ የሜትር ሰው ናቸው። ቅድም የነገራቸውን አምስት ቃል ግን አንዱንም አላገኙትም። እዚያ ላይ ፊታቸውን አየሁት። ያወቁ መሰለኝ።

ደም ተሰጠ። ቢ12 በጣም ወርዷል፣ መርፌ ጀመሩ። ታይሮይድ ደህና ነው። ቢጫዋ ክኒን ቀስ በቀስ እንድትቀር ተደረገ። የግፊት ክኒኑ በየቀኑ ሆነ፣ እኔው ነኝ የምሰጠው። ጆሯቸው ታጠበ። የወጣውን ሰም አልገልጸውም፣ ምግብ ላይ ያለ ሰው ያነብ ይሆናል። ቴሌቪዥኑ ግን ግማሽ ድምፁ ቀነሰ።

ከዚያ የነርቭ ሐኪም እንዲያያቸው አዲስ አበባ ተላክን። ኤምአርአይ እዚያ ነው የተነሱት። ራጅ ቤት፣ እድሜ ይስጥህ! ቤት ሳለን ኮቱን፣ ሸሚዙን፣ ሱሪውን አራግፌ ስምንት ስፒል አወጣሁ። ጨርሻለሁ አልኩ። በሩ ላይ የምስል ክፍሉ ልጅ በእጁ በያዘው መፈተሻ ሲፈትሻቸው ጮኸ። የኮፍያቸው ጠርዝ ላይ ሁለት መርፌ፣ አንዷ ከነክሯ።

ግማሽ ሰዓት ያህል ውስጥ ነበሩ። እፈራ ነበር፣ ጠባብ ነው ብለውኝ። ሲወጡ «ይቺ መኪና ዘይት ጠምቷታል። ሲንጀሬ እንዲህ የምትንኳኳው ማመላለሻዋ ሲደርቅ ነው» አሉት ልጁን። ልጁ ከሳቁ የተነሳ ወረቀቱን ጣለ።

ውጤቱ ይኸው። ዕጢ የለም፣ ደም የለም፣ የተጠራቀመ ውሃ የለም። ሁለቱም ሂፖካምፐስ ለእድሜያቸው ትንሽ ሟሽሸዋል። ግፊቱ የተዋቸው ነጫጭ ጠባሳዎች አሉ፣ አንዲት ትንሽ ያለፈ ስትሮክም ተገኘች፤ መቼ እንደሆነች ማናችንም አናውቅም። የነርቭ ሐኪሟ «ሁለቱም አብረው ያሉ ይመስለኛል፣ የአልዛይመር ጅማሬና የደም ስር ጉዳት። ግን ቢ12ው ሞልቶ፣ ክኒኗ ወጥታ፣ ግፊቱ ተስተካክሎ ሳላየው አልፈርድም። በስድስት ወር ተመለሱ» አለች። ስለ ፔት ጠየቅኳት። «አሁን መልሱ የማደርገውን አይለውጥልኝም» አለችኝ። ራጅ ቤት ያለውን ቃል በቃል ደገመችው ማለት ይቻላል።

ትንሽ ነቅተዋል። በጣም አይደለም። ዙህርን ሁለቴ መስገዱ ቀርቷል፤ ስም ግን አሁንም ይጠፋባቸዋል። ባለፈው ሳምንት ስሜ ጠፍቷቸው «አንቺ፣ የዚህ ቤት ሴትዮ» አሉኝ። ወጥ ቤት ገብቼ ትንሽ ቆሜ ወጣሁ።

ወንድሜ በየቀኑ ማታ ይደውላል። በቪዲዮ ጨርቅ ያሳዩታል፣ ዋጋ ይከራከራሉ። ያጠራቀመውን የፔት ብር አዲስ አበባ መመላለሻ አደረግነው፣ የተረፈው ደግሞ አብሯቸው የሚውል ልጅ ደሞዝ ሆነ። ልጁ ስፌት እየተማረ ነው።

ሲስተር ከቧንቧ ውሃ · እሁድ 10፡02

አልሐምዱሊላህ። የቢ12 መርፌው እንዳይቋረጥ። ጆሯቸው ከታጠበም በኋላ ከበድ ካለ መስሚያ መሣሪያ ጠይቂ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የላንሴት ኮሚሽን ሪፖርት የመስማት ችግርን ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 አጋላጭ ነገሮች ውስጥ አስገብቶታል።

ቦርከና · እሁድ 10፡20

እናቴን የነርቭ ሐኪም አይቷት ሌቮዶፓ ጀመረች። ትናንት ቡና ራሷ ቀዳች። ሲኒው ሞልቶ አልፈሰሰም።

ሐረጎ ጠመዝማዛ · እሁድ 10፡31

ማሻአላህ ቦርከና! የሰፊው ልጅ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በድፍረት አትይብኝ። ወንድሜ ከሁለት ወር በኋላ ያገባል። አባባ አሁንም ኮት ይሰፋሉ?

የሰፊው ልጅ · እሁድ 10፡40

ይሰፋሉ። ጨርቁ ላይ በኖራ «ቀኝ» «ግራ» ብዬ የምጽፈው እኔ ነኝ፣ ሳይቆረጥ ልጁም ያየዋል። ልኬት ለመስጠት ግን ከዙህር በፊት ኑ። ጠዋት ጠዋት ደህና ናቸው።